ጋሼ ቅምሻ ከመቅመስ የታገደ ጊዜ

እኔ የክር ፋብሪካ መካኒክ ነኝ። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት ከአንድ ሰው እጅ ነው፤ ከሠራተኞች ክበብ ዋና ምግብ አብሳይ። የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል። እኛ ጋሼ ቅምሻ ነው የምንለው። ማንኪያ ከደረት ኪሱ አይለይም። ክዳን ከፈት፣ ማንኪያውን ጠለቅ፣ ፉት፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «ትንሽ ጨው!» ይላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ድስት። ለሦስት መቶ ሰው የሚሆን ሾርባ፣ ሩዝ፣ ስጎና አትክልት በየቀኑ በዚህ አኳኋን ይበስል ነበር።

ሰውየው ተጫዋች ነው። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ መወጠር የጀመረ ጊዜ እንኳ የመጀመሪያው ቀልደኛ እሱ ራሱ ነበር። ጠዋት በደንብ የታሰረው ሽርጥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመዱ አይደርስም። አንዱ ጫኝ «ጋሼ፣ መንታ ነው እንዴ?» ቢለው፣ «ወንድ ከሆነ ባንተ ስም እጠራዋለሁ፤ አባቱን ግን እንዳትጠይቀኝ» ብሎ ሰልፉን ሁሉ በሳቅ አፈረሰው።

መካሪም አላጣም። ጥበቃው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ እንዲበላ ነገረው። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወተት አዘዘችለት። ጎረቤቱ ደግሞ «አንተን የሚያድንህ ባቄላ ነው» አለው። እሱም ሰው ማስቀየም አይወድምና ሦስቱንም አንድ ላይ ሞከረ። የዚያን ሳምንት ሆዱ ያሰማው የነበረውን ድምፅ ከክር ማጠንጠኛው ማሽን ለመለየት ጆሮዬን ማቅናት ነበረብኝ።

ከዚያ ቀልዱ ቀዘቀዘ። አብሮን በሰርቪስ የሚሄደው ሰው በእግሩ መሄድ ጀመረ። «ለጤና ጥሩ ነው» አለን፤ አመንነው። አርባ ደቂቃ ያስኬዳል፤ ዝናብም ነበር። እውነቱን የነገረኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ማታ ሲመለስ ሰርቪሱ ሞልቶ፣ መስኮቱ በዝናቡ ተዘግቶ ሳለ ሆዱ አዋረደው። ከኋላ ያሉት መሳሳቅ ጀመሩ፤ ማን እንደሆነ አላወቁም፤ እሱ ግን ያወቁ መሰለውና ቤቱ ሊደርስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ወርዶ በዝናብ ሄደ። «ለካ ሰው በገዛ ሆዱ ሊዋረድ ይችላል» አለኝ።

ጉዳዩን ከሚስቱም ደብቆ ነበር። ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ከእሷ ቁጥር መደበቅ ደግሞ ዘበት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀበቶውን አንስታ አየችው። በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዳንዶቹ ለማጥበቅ፣ አንዳንዶቹ ለማላላት።

«ና እስቲ» አለችው። «ፊትህ እየከሳ ሆድህ የሚያድገው በየትኛው ሂሳብ ነው?»

«ነፋስ ነው፣ ምንም አይደል።»

«ነፋስ ሰው አያከሳም።»

ቀበቶውን ከእጇ ወሰደ። ከዚያ እንደ ልጅ ድምፁ ተሰበረና «ወንድሜን የገደለው በሽታ መስሎኝ ነው» አላት። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።»

«ይኸው ሆድህን እየፈጀው ነዋ!» አለችና፣ ተቆጥታ ሳትጨርስ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ሲረጋጉ እጁን ይዛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሰኞ አብረን እንሄዳለን» አለችው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አትቸኩልም። ሆዱን ዳበሰች፣ ደሙን አስመረመረች፤ የፈራው በሽታ አለመሆኑን በየምርመራው አረጋገጠች። በቀኝ ጎኑ ያለውን ጠባሳ ስታይ ቆም አለች። በጎልማሳነቱ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በቀዶ ጥገና ነበር የተረፈው።

«ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ ደንብ ነው» አለችው። «ትንሹ አንጀት ውስጥ ግን እንዲህ በብዛት መስፈር የለባቸውም። እዚያ ከበዙ የበሉትን እርስዎ ሳይጠቀሙበት ቀድመው ያቦኩታል። ሆድዎን የሚነፋው ጋዝ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ መክሳትዎም እንዲሁ። ለማንኛውም በትንፋሽ እናረጋግጣለን።»

በምርመራው ዋዜማ የተፈቀደለት ነጭ ሩዝ፣ እንቁላልና ምንም ያልገባበት ዶሮ ብቻ ነበር። በማግስቱ በባዶ ሆዱ ሄዶ የስኳር ብጥብጥ ጠጣ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል በየሃያ ደቂቃው በቱቦ ወደ ከረጢት መተንፈስ ነው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ የተማሪዎች ፈተና ታርማለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቀና ሳትል «ንፋ» ትለዋለች። በአምስተኛው ከረጢት ላይ «ዕድሜ ልኬን እሳት እፍ ስል ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ ላስቲክ!» ብሎ ነርሷን አሳቃት። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ጋዙ ያለጊዜው፣ ገና ስኳሩ ትንሹ አንጀት ውስጥ ሳለ ሽቅብ ወጥቷል።

ሐኪሟ ለሁለት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ አዘዘችለት። ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቫይታሚን ስላነሰው መርፌ ጨመረችለት። ለጥቂት ሳምንታት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የስንዴ ዳቦ፣ ምስር፣ ባቄላና ወተት እንዲያቆም ነገረችው። ይህን ሁሉ እሺ አለ። መጨረሻ ላይ ግን፣

«በምግብና በምግብ መካከል አራት፣ አምስት ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ነገር ወደ አፍዎ አይግባ» አለችው።

«ቅምሻስ?»

«ቅምሻም።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ምግብ አብሳይ ነኝ!»

«በቀን ስንት ጊዜ ይቀምሳሉ?»

እሱ ቆጥሮ አያውቅም። ሚስቱ ጣቷን ዘርግታ አሰበችና «ቢያንስ ስልሳ ማንኪያ» አለች።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «ክበብዎን መቼ ነው የሚጠርጉት?»

«ሰው በልቶ ሲወጣ ነዋ።»

«ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገባ፣ ሲበላ፣ ሲወጣ ቢውልስ?»

«መጥረጊያው መቼ ይነሳል!»

«አንጀትም እንደዚያው ነው። የሚጠራርገው ባዶ ሲሆን ነው። የድሮው ቀዶ ጥገና አንጀትዎን አዝግሞታል፤ እርስዎ ደግሞ በስልሳ ማንኪያ ፋታ ነስተውታል።»

ይህን ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ማንኪያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት።

የመከራው ጊዜ የእኛ ነበር። ጋሼ ቅምሻ በአፍንጫው ብቻ ሊያበስል ሞከረ፤ አፍንጫ ደግሞ ጨው አይለይም። ሰኞ የቀረበው ሾርባ የክበቡን የውኃ ጆግ ሁሉ አስጨረሰ። ረቡዕ ደግሞ ጨው የሚባል አልነካውም፤ ያ ጫኝ ሳህኑን ይዞ ተመለሰና «ጋሼ፣ ሾርባው ተኝቷል፤ ቀስቅሰው» አለው። ከኋላ አንዱ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ብሎ ተረተ። ቀልድ ነበር፤ ጋሼ ቅምሻ ግን ሰምቶ ሆዱ ባባ። ጭልፋውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

መጀመሪያ ሳህን አጣቢዎቹን አስቀመሳቸው። እነሱ አክባሪዎቹ ስለሆኑ ምንም ቢሰጣቸው «እንዴት ይጥማል!» ነው መልሳቸው። ጠረጠረ። አንድ ቀን ለሙከራ ድንች የተቀቀለበትን ባዶ ውኃ በማንኪያ ሰጣቸው። «አቤት ጣዕም! እጅህን ይባርከው!» አሉት። በዚህ ተስፋ ቆረጠ።

የቀረችው የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ ናት። እትዬ ሚዛን ነው የምንላት፤ ቁንጥር ጨው እንኳ ሳትመዝን አታወጣም። ቀጭን ናት፣ ፊቷ አይፈታም፣ ምስጋና የሚባል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ ቅምሻ ከእሷ ጋር ለዓመታት ሲነታረክ ኖሯል። እየከበደው ሄዶ በሯ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ምላስሽን ፈልጌ ነበር።»

«ማንን ሰደብኩ ደግሞ?»

«እንድትቀምሽልኝ ነው። ሐኪም ከልክሎኛል።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «ለምን እኔን? እኔ እንደሆንኩ አላሞግስህም።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት።»

መነጽሯን አውልቃ ተከተለችው። ስጎውን ቀመሰች፤ ጉንጯ ውስጥ አዟዟረችው።

«ምንም አይልም» አለች።

«ምንም አይልም ማለት?»

«ምንም አይልም ማለት ምንም አይልም ማለት ነዋ!»

«ጨው ነው? ቅመም ነው? እሳት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አብሳዩ አንተ!»

ሦስት ቀን እንዲህ ተጨቃጨቁ፤ ጩኸታቸው እኔ ማሽን ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። በአራተኛው ቀን ጋሼ ቅምሻ ሌላ ዘዴ አመጣ። «የጎደለው ምላስሽ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከዋጥሽው በኋላ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ዓይኗን ጨፍና ብዙ አሰበችና «ጫፉ ደህና ነው፤ ሲወርድ ግን ብቻውን ነው የሚወርደው» አለችው። እሱ ወዲያው ገባው፤ ትንሽ ሎሚ ጨመቀበት፣ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰበት። መልሳ ቀመሰችና «አሁን ሰው አገኘ» አለች። በዚያ ቀን ሁለት መቶ ሰማንያ ሳህን ተልሶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የበላነው ምግብ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ እሱ እጁን፣ እሷ ምላሷን አዋጥተው ነዋ።

ለራሱ ትንሽ ድስት ለየ፤ ሩዝ፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ዶሮ። ሐኪሟ የላከችበት የምግብ ባለሙያ ደግሞ አንድ የምሥራች ነገረችው፤ የነጭ ሽንኩርቱ መዘዝ በውኃ ይሟሟል እንጂ ወደ ዘይት አይሄድም። በትልልቁ ቆርጦ በዘይት ያበስለዋል፣ ከዚያ አንድም ሳያስቀር ያወጣዋል፣ በዘይቱ ብቻ ይሠራበታል። የሽንኩርቱን አረንጓዴ ቅጠልም ፈቀደችለት። በማግስቱ ክበቡ በር ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ «ሽታውን ፈቀዱልኝ!» ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሽርጡ ማታ ድረስ መታሰር ጀመረ፤ ጉንጩም ሞላ።

ከአራት ወር በኋላ ሆዱ እንደገና ተነፋ። በዚያው ሰሞን እትዬ ሚዛን ጉንፋን ይዟት ምላሷ ምንም አልቀምስ ስላላት፣ እንግዶች የመጡ ቀን እሱ ራሱ ሲቀምስ ውሎ ነበር። ሴትዮዋ «በእኔ ጉንፋን የተነሳ ነው» ብላ ዕንባ ተናነቃት። እንዲህ ስትሆን አይተን የማናውቅ ሰዎች የምንገባበት ጠፋን። እሱ ግን ከሐኪም ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሷ ነው።

«የአንድ ቀን ቅምሻ አይደለም ያመጣው» አላት። «ያ የድሮው ጠባሳ ነው። ያለ ማንም ጥፋትም ሊመለስ ይችላል፤ ጥፋተኛ አትፈልጉ ብላኛለች ሐኪሟ።»

«ማርያምን በል!»

«ለምን እዋሽሻለሁ? ደግሞ ጉንፋንሽን አንቺ መዝነሽ አላወጣሽው።»

ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ወሰደ፤ ሲተኛ የሚውጠው፣ አንጀት የሚያነቃቃ አንድ ኪኒንም ተጨመረለት። ሲሻለው የተከለከሉትን ምግቦች አንድ በአንድ መመለስ ጀመረ፤ በየሦስት ቀኑ አንድ፣ በትንሽ በትንሹ። ሚስቱ በካሬ ደብተር ሠንጠረዥ አሰመረችለት። ምስር ሁለት ማንኪያ አለፈ፤ አራት ማንኪያ ወደቀ። ዳቦ ግማሽ ቁራሽ አለፈ፣ ሙሉውም በወሩ አለፈ። ወተት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ላይ «ዕድሜ ልክ እስራት» ብላ ጻፈችበት።

አንድ ሐሙስ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር ሰርቪስ ገባ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶት «ጋሼ፣ ጤናውን ተውከው እንዴ?» አለው። ዝናብ ነበር፤ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ እስከ ቤቱ ድረስ አብሮን ሄደ።

አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የራሱን ሳህን ይዞ መጥቶ እኛ ገበታ ይቀመጣል። ድሮ ቆሞ ነበር የሚውለው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያላምጣል፣ ያወራል። ባለፈው ሳምንት ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደተገናኙ ነገረን፤ በማታ ትምህርት ቤት ሲማር የማባዛት ሠንጠረዥ አላውቅም ብሎ ዋሽቷት ኖሯል፣ ለብቻው እንድታስጠናው። «አወቀችብህ?» አልነው።

«በሁለተኛው ቀን» አለ፣ ሩዙን እያገላበጠ። «ግን ዝም ብላ እስከ አስራ ሁለት ብዜት ድረስ አስተማረችኝ።»