እናቴ በፎርፌ እንዳታሸንፍ

ፎርፌ የምትለዋን ቃል ዛሬም ስሰማ ዞሬ ወደ በር አያለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ኳስ ሜዳ ላይ ትርጉሟ ቀላል ነው። አንዱ ቡድን ማሊያውን ለብሶ ሜዳ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ይቀራል። ዳኛው የሚጠበቀውን ያህል ጠብቆ ፊሽካውን ይነፋና የመጣው አሸናፊ ይባላል፤ ሳይጫወት፣ ሳያልበው። ቴፒ ውስጥ ደግሞ ቃሏ ከሜዳ ወጥታ ሰፈር ገብታ ነበር። የእድር ስብሰባ የቀረም፣ ሴት ልጅ ቀጥሮ የጠፋ ጎረምሳም «ፎርፌ ሰጠን» ይባላል። እኛ ቤት ግን የገባችው በአንድ የክረምት መግቢያ እሁድ ነው፣ ያውም በክፉ በር።

ታላቅ ወንድሜ ማሻ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ለማሻ ቡድን በረኛ ነበር። ያን እሁድ ከሰዓት ከቴፒ ጋር ሊጋጠሙ በጭነት መኪና ይመጣሉ ተባለ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች የሚወደውን ጎደሬ ጣደችና እኔን ወደ ሜዳው ላከችኝ። «ጨዋታው እንዳለቀ ይዘሽው ነይ። ጓደኞቹ እንዳይወስዱብኝ!»

ሜዳው ላይ ቴፒዎች ብቻ ቆመዋል። በማሻ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የማሻን መንገድ የማያውቅ የለም፤ ጫካ፣ ጭቃ፣ ቁልቁለት። ባለፈው ክረምት ቡና የጫነ መኪና እዚያው ገደል ገብቶ፣ ሹፌሩን በቃሬዛ ሲያመጡት እኔም እናቴም በራችን ላይ ቆመን አይተናል። ዳኛው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ መንገዱን ያያል። እኔ መንገዱን ብቻ።

ፊሽካው ተነፋ።

«ፎርፌ! ፎርፌ!» ሜዳው በጭፈራ ተናጋ። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ «ፈርተው ነው የቀሩት!» ብሎ ሲስቅ ደሜ ፈላ።

«አፍህን ዝጋ! ወንድሜ እዚያ መኪና ላይ ነው!»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ እሱም ቀና ብሎ ወደ ጠቆረው ሰማይ አየ። ምነው በተከራከረኝ!

ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ፣ ወሬው ግን ቀድሞኛል። ከሜዳ የሚመለሱ ልጆች በራችን ላይ «ማሻ ፎርፌ!» እያሉ ሲያልፉ እናቴ ሰምታለች። አፏን የፈታችው በሸክኖኖ ነው፤ አማርኛ የገበያና የጎረቤት ቋንቋዋ ነው። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ትጠይቃለች እንጂ አታፍርም።

«ፎርፌ ምንድነው? መኪና ሲገለበጥ ነው?»

ክው አልኩ። «ኧረ እማዬ፣ አታሟርቺ! አልመጡም ማለት ነው እንጂ።»

ምላሴን በቆረጠው! «አልመጡም?» አለች። ሌላ ምን ልበላት? አልመጡም። ቀስ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ሞባይል የለን፣ ቴሌ እሁድ ዝግ ነው። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሙስሊም ነው፣ እናቴን እንደ እናቱ ያያታል። «አይዞዎት እማማ፤ ጭቃ ይዟቸው ይሆናል» አላት።

«ለመሆኑ በዚህ ፎርፌ በምትሉት ማነው የሚያሸንፈው?»

«የመጣው ነዋ። ቆሞ የጠበቀው።»

«ቆሞ የጠበቀው?» ብላ ትንሽ አሰበች። «እኔም ይኸው እየጠበቅኩ ነው። እንግዲያው እንዳላሸንፍ ጸልዩልኝ።»

ባለሱቁ መዳፉን ዘረጋ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዝናቡ ወረደ። ፈራሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። አልቅሳ ቢሆን አባብላት ነበር፤ እሷ ግን ጆሮዋን ለመንገዱ ሰጠች። ጭቃ የሚረግጥ እግር በተሰማ ቁጥር አንገቷ ቀና ይላል፣ እግሩ ያልፋል፣ አንገቷ ይመለሳል። ጎደሬው ቀዝቅዟል። ላነሳው ስል «እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸችብኝ። መነሳቱ የእሱ መቅረት መስሏት ነው፤ ለእኔም እንደዚያው መሰለኝና እጄን ሰበሰብኩ።

መሽቶ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት የግቢው በር ተንኳኳ። ወንድሜ ነው! እስከ ወገቡ ጭቃ፣ ጫማው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጥለውት በእግራቸው ነው የመጡት። ሰላምታ እንኳ የለውም፤ በንዴት ጦፏል።

«ሰምታችኋል? ያን ሁሉ ጫካ አቋርጠን መጥተን በፎርፌ ተሸነፋችሁ አሉን እኮ!»

እናቴ ተነስታ ከነጭቃው አቀፈችው። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። «ተሸነፍኩ! ተመስገን ጌታዬ፣ ተሸነፍኩ!»

ወንድሜ ግራ ገብቶት በትከሻዋ ላይ አየኝ። «ምን ሆና ነው? በማን ተሸነፈች?»

«በአንተ» አልኩትና እንባዬን እየጠረግኩ ጎደሬውን ላሞቅ ገባሁ።