እዚህ ጋ ተያዝኩ

ሐኪሙ «መቼ ጀመራት?» ሲለኝ እንደ ሌላው ቤተሰብ «እንጃ፣ ቀስ በቀስ ነው» ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቀኑን አውቀዋለሁ። ቀኑም፣ ገጹም፣ የቆመችበት መስመርም በገዛ እጇ ተጽፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የታላቅ እህቴ አእምሮ ከእጇ እያመለጠ ሲሄድ ስምንት ወር ሙሉ በጽሑፍ ሲነገረኝ ከርሟል። በጊዜው ገብቶኝ ቢሆን ሕመሙን ቢያንስ ማዘግየት ይቻል ነበር። እንዴት እንዳልገባኝ ልናገርና ከፈለጋችሁ እናንተም ፍረዱብኝ።

እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሃያ አንድ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ለዚያ ስትል ምን ምን እንደተወች አንድም ቀን አልነገረችኝም፣ እኔም የወንድ ነገር ሆኖ አልጠየቅኋትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ሠርታለች። ዳኛው ያሉትን፣ ጠበቃው የተከራከረውን ስትገለብጥ አንዲት ነጥብ አታዛንፍም፤ የእሷን ጽሑፍ ሳያነቡ ነበር አሉ የሚፈርሙት። ጡረታ ስትወጣ ግን ቤት ተቀምጣ የመስኮቱን መስታወት በቀን ሁለት ጊዜ መወልወል ጀመረች። ሳያት አንጀቴን በላችው።

እኔ ውሃ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሥራ አለኝ። ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውሱ የሚመዘግቡበት አንድ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን የሰጡን ነገር አልጋ ገዝተህ እንጨቱን በአንድ ጆንያ፣ ብሎኑን በሌላ ጆንያ እንደመረከብ ነው። መጽሐፍ የምታውስ ሴትዮ ይህን ስትገጣጥም ፀጉሯን ትነጫለች። እኔና አንድ የሂሳብ መምህር ይህን አይተን ፈቃደኛ አሰባሰብን፤ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ሰባት ሆንን፣ በኢንተርኔት ደግሞ በመልክ የማናውቃቸው ሃያ ምናምን ሰዎች መጡልን። ሥራችን ያን ሁሉ ቁርጥራጭ ጠቅልለን፣ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ራሱን የሚገጣጥም ጥቅል ማድረግ ነው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አዲስ ጥቅል እናወጣለን።

ፈቃደኛ ማስተባበር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ የለው፣ ቢያኮርፍ ምንም አታደርገውም። አንዱ «የኔ ማሽን ላይ ይሠራል» ካለ ሽማግሌ ብትልክበት አይመለስም፤ ለካ የጎደለው ነገር እሱ ማሽን ላይ ድሮ ተጭኖ ኖሯል። በዚህ ስንጨቃጨቅ ቆሽቴ አረረና ደንብ አወጣሁ። ጥቅሉን የሠራ ሰው አይፈትነውም። ፈታኙ ምንም በሌለበት ማሽን ላይ ብቻውን ይጭናል፣ ማንም ትንፍሽ አይልለትም። ከተያዘ ደግሞ ጥፋቱ የጥቅሉ ነው፤ ተጠቃሚ አይሳሳትም። ይቺን የመጨረሻዋን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኳት። ደስም ብሎኝ ነበር።

ፈታኝ ስንፈልግ እታለም ትዝ አለችኝ።

«እኔ ምን አውቅልህና?» አለች።

«ባለማወቅሽ ነው የፈለግንሽ።»

«እሰይ። ስድሳ ዓመት ኖሬ መሃይምነቴ የሚፈለግበት ቦታ ተገኘ» ብላ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ተነሣች።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ጥግ ላይ ጠረጴዛ ሰጠናት፤ ባዶው ማሽን የምንለው አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አለ፣ በየሳምንቱ ያለበትን ሁሉ አጥፍተን ነው የምንሰጣት። ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች፣ መመሪያውን ቃል በቃል ትከተላለች፣ ስትቆም በደብተሯ ላይ ቀንና ገጽ ጽፋ «እዚህ ጋ ተያዝኩ» ትላለች። ከሥሩ ምክንያቱን ትጽፋለች። መምህሩ ያንን እየገለበጠ ሁሉም በሚያየው የችግር መዝገባችን ላይ ያሰፍረዋል፤ አንዳችን እንወስደውና እናስተካክላለን።

ስታርመን ደግሞ አትምርም። አንድ ጊዜ «‹ስህተት 14 ተከስቷል› ይላል። የቀሩት አሥራ ሦስቱስ? ሰው እንዲህ አይነገረውም» ብላ ጻፈች። ሌላ ጊዜ «‹ቀጥል› የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ግርጌ ተሸሽጓል፤ ምን ሠርቶ ነው የሚሸሸው?» በኢንተርኔት ያሉት ሰዎች ሳያዩዋት ወደዷት። ጥቅል አለቀ ስንላቸው «ታይፒስቷ አለፉ?» ነበር የሚሉት። እሷ ካላለፈች አይወጣም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራች፤ መስታወቱንም ተወችው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ፣ ገጽ አራት። «የይለፍ ቃል አስገቢ አለኝ፣ አስገባሁ። ወዲያው ድገሚው አለኝ። ምን ብዬ እንደነበር ጠፋኝ።»

«እውነታቸውን ነው፣ ማንም ይረሳል» አለ መምህሩ። የተጻፈው ቃል እንዲታይ አደረግነው። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ረክተን ተለያየን።

በወሩ «ፍላሹን የት እንደምሰካው አይናገርም» ብላ ጻፈች። ጥቅሉን የምንሰጥበትን ያን ፍላሽ ከመቶ ጊዜ በላይ ራሷ ሰክታዋለች። መምህሩ ማጅራቱን እያከከ ወደኔ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን እኮ እስከ ዛሬ ራሳቸው ናቸው የሚሰኩት። ምነው ዛሬ?» አለኝ።

«ደንቡን አንብበው» አልኩት ወደ በሩ እየጠቆምኩ። «‹ከዚህ በፊት ካላለፈበት በቀር› የሚል አየህበት? እሷን ከጠረጠርን ነገ ሁሉን ልንጠረጥር ነው።»

ሰው ፊት ነው እንዲህ ያልኩት። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፣ ከዚያ ወዲያ አላነሣውም። ፍላሹ ሲሰካ የሚያሳይ ሥዕል ሠራን። ቀጥሎ «ገጹ ሲለወጥ ምን ስሠራ እንደነበር ይጠፋኛል» አለች፤ በስክሪኑ ዳር እስካሁን የተሠራውን የሚዘረዝር ሰሌዳ ጨመርን። ሥዕል፣ ሰሌዳ፣ ትልልቅ ቁልፍ፣ በየገጹ «አይዞዎት፣ ምንም አላበላሹም» የሚል መስመር። ጥቅላችን ስም አተረፈ። ከሩቅ የሆነች አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «በሕይወቴ እንዲህ ቀላል ነገር ጭኜ አላውቅም፤ የሠራው ሰው የሰው ልጅ ድካም የገባው ነው» ብላ ጻፈችልን። ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩት። እታለም ሁሉም ደስ ብሎት ሲስቅ ዞር ዞር ብላ ፊታችንን አየችና ከኛ ዘግይታ ሳቀች። ይህንንም አይቻለሁ፤ አይቼ አለፍኩት።

የዚያን ዕለት ደረጃውን ስንወጣ ክንዴን ይዛ ቆመች።

«ችኩሌ» አለችኝ። ከልጅነቴ የምትጠራኝ እንዲያ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ የምያዝበት ነገር እውነት ከጥቅሉ ነው? ወይስ ከኔ ነው?»

ዐይን ዐይኔን እያየች ነበር። ያ ጥያቄ እንዴት እንደከበዳት አሁን ነው የሚታየኝ። ሳትፈራ አልቀረችም፤ ብቻዋን ስታሰላስለው ከርማ፣ ለኔ ለመንገር ደረጃ መሃል ላይ ቆመች። እኔ ደግሞ የዚያን ካርቶን ቃል ነገርኳት።

«ተጠቃሚ አይሳሳትም፣ እታለም። ደንባችንን ረሳሽው እንዴ?»

«እንግዲያው ደግ» አለች። ክንዴን ለቃ ቀድማኝ ወጣች፤ የቀለላት መሰለኝ።

በስምንተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አላለፈችም። መጀመሪያ ላይ ያለው ጥያቄ «ስም ያስገቡ» ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ብዙ ቆይታ ደብተሯን ዘርግታ «እዚህ ጋ ተያዝኩ። ስም ይለኛል። የማንን ስም እንደሚፈልግ ግልጽ አይደለም» ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ እንደ ወትሮው አንድ ፊደል አልተጣመመም። እኛም በመዝገባችን አሰፈርነው፣ በኢንተርኔት ተወያየንበት፣ ሦስት ሰው ሐሳብ ሰጠበት። መስመሩን «የራስዎን ስም ያስገቡ» ብለን አስተካከልነው። ሰባት የተማርን ሰዎች ነን። አንዳችንም እህቴ ስሟ ጠፋባት አላልንም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ሥራ ቦታዬ ደወለልኝ። «እህትዎ ምድር ቤቱ በር ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ነው ብለዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው ስላቸው ተቆጡኝ» አለኝ። ስደርስ በተቆለፈው በር ስር ደረጃው ላይ ደብተሯን ታቅፋ ቁጭ ብላለች። አንዱ እግሯ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ አላደረገም። «አረፈድክ፣ ችኩሌ፤ ፈቃደኞቹስ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና እዚያው ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጹ አነበብኩት፣ በዚህኛው ጊዜ እንደ አስተባባሪ ሳይሆን እንደ ወንድም።

ሐኪሙ ደብተሩን ሲቀበለኝ አንድ ሁለት ገጽ አይቶ የሚመልስልኝ መስሎኝ ነበር። ሁሉንም አነበበው። እታለም ከጎኔ ሆና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች።

«ይህን ሁሉ ያነበበው ማነው?» አለኝ።

«እኛ ነን። አብረናት የምንሠራ።»

«ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?»

«አስተካከልነው።»

«ምኑን?»

«ፕሮግራሙን» አልኩ።

ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ «ገና ሲጀምራት ብትመጡ ሕመሙን የሚያዘገይ መድኃኒት ነበር። አሁንም እንሰጣታለን፤ ግን የሄደውን አይመልሰውም» አለኝ።

መምህሩ ስነግረው ካርቶኗን ነቅሎ ለሁለት አጠፋት፤ ዐይኑ ቀልቷል። «የሁላችንም ጥፋት ነው» አለ። አይደለም አልኩት። እሱ ጠይቆ ነበር፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። እሷም ጠይቃኝ ነበር፣ እሷንም ዝም አሰኘኋት። ለማያውቀው ሰው ሁሉ የተጨነቅኩ እኔ፣ ያሳደገችኝን ሴት ልብ ብዬ አላየሁም። ይህን ስናገር ሰዎች «አንተ ምን ታደርግ፣ ሐኪም አይደለህ» ይሉኛል። ተዉኝ፣ አታጽናኑኝ።

ጥቅሉ አሁንም ይወጣል፤ የሚያስተባብረው መምህሩ ነው። በቅርቡ አንድ ፈቃደኛ «የመጀመሪያው ገጽ ላይ ‹የራስዎን› የሚለው ትርፍ ነው፤ ሰው የማንን ስም ሊያስገባ ኖሯል?» ብሎ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ልጁ ምን ያውቃል፣ እውነቱን ነው። «ይቆይ» ብዬ ብቻ መለስኩለት።

ባዶውን ማሽን ቤት አምጥቼዋለሁ፤ «ሥራዬን ወሰዳችሁብኝ» እያለች ስታስቸግረኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቱ ስር ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩላት። ፀጉሯን ወደኋላ አስተካክላ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ፍርድ ቤቱ ዘመን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። የራስዎን ስም ያስገቡ። አየችው። ጣቶቿ አልተነቃነቁም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየችው።

«እዚህ ጋ ተያዝኩ» አለች።

«እሺ፣ እታለም።»

ዞራ አየችኝ፤ ያኔ ደረጃው ላይ እንዳየችኝ። «ከኔ ነው? ወይስ ከጥቅሉ ነው?»

ያን ጊዜ አምኜበት ነበር የተናገርኩት፤ አሁን ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። «ከጥቅሉ ነው፣ እታለም። አንቺ ምን አጠፋሽ» አልኳት።

ደብተሩን ገፋ አደረገችልኝ፤ እስክሪብቶ መያዝ ከተዋት ሰንብቷል። ቀኑንና ገጹን ጻፍኩ፣ ከሥሩም እሷ እንደምትጽፈው «እዚህ ጋ ተያዝኩ» ብዬ ጨመርኩ። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ፊደሎቼን አንድ በአንድ ተከተለቻቸው።

«በሉ አስተካክሉት እንግዲህ» አለችኝ። «ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»