ቁጥሯ የተነቀለ መንገድ

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከአፓርታማዬ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ አዲስ አስፋልት ሲያለብሱት የትኩስ ሬንጅ ሽታ በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሞላው። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፈገግ ይላል ይባላል፤ እኔ ግን መስኮቱን በኃይል ዘጋሁት። ከሬንጁ ጋር ሚስተር ዌይንም አብሮ ገብቶ ነበርና።

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ የምንኖረው ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተሰሜን፣ ፎቁ አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ገጠር፣ ከአውራ ጎዳናው ተገንጥላ እስከ ወንዙ በምትወርድ ቅርንጫፍ መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። በድሮ ጊዜ የወተት መኪና እንዲመላለስባት የተሠራች ናት አሉ፤ ሁለት ማይል እንኳ ባትሞላም በስቴቱ መንግሥት የምትጠገን የስቴት መንገድ ነበረችና እንደ ትልልቆቹ የራሷ ቁጥር በነጭ ሰሌዳ ላይ ተጽፎላት ነበር። በበጋ ሬንጇ ቀልጦ ጫማችንን ይይዘዋል፣ ዳርና ዳሯ ላይ ጥቁር እንጆሪ ይበቅላል፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ የወንዙ አሮጌ ድልድይ እርጥብ እንጨት ሽታ እስከ ሱቃችን ይደርሳል። ሱቅ የምላት አባቴ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተከራያት፣ ቡናና ሳንድዊች የሚሸጥባት አንድ ክፍል ናት። ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ይቆምባታል፤ እኛም የምናድረው ከጀርባዋ ነበር። አባቴ በየጠዋቱ መጥረጊያ ይዞ ይወጣና ከሱቁ በር እስከ ድልድዩ ያለውን አስፋልት ይጠርጋል። የስቴት መንገድ በነፃ የሚጠርግ ሌላ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ።

ሚስተር ዌይን ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ሣሩን በመቀስ የሚያስተካክል፣ ከውሻው በቀር ለማንም ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ስለምጠላው ነው፣ አልዋሽም። የመኪና ድምፅ ሰለቸኝ ብሎ መንገዷ እንድትዘጋ ፊርማ አሰባሰበ፤ ድልድዩን ማደስ የከበደው ስቴትም ሰበብ አገኘ። መንገዷ ከስቴት መንገዶች ዝርዝር እንድትሰረዝ፣ ድልድዩም እንዲዘጋ መታሰቡን ገልጾ፣ ተቃውሞ ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲጽፍ የሚል ደብዳቤ መጣልን። ለአባቴ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብሆንም የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ።

«ደብዳቤ የሚጻፈው ለማያውቁት ሰው ነው» አለኝ አባቴ ወረቀቱን አጥፎ። «ጎረቤት ግን ሽማግሌ ይላክበታል።»

በእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከታኮማ ፓርክ መጡ፤ ፊርማውን እንዲተው ሊለምኑት ሚስተር ዌይን ደጃፍ ሲቆሙ እኔም ለማስተርጎም አብሬያቸው ቆምኩ። መጀመሪያ ግራ ተጋብቶ በረንዳው ላይ ወዳሉት ወንበሮች አመለከታቸው። ታላቁ ጋሽ ታደሰ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ «ንገሪው የኔ ልጅ፣ እሺ ሳይለን አንቀመጥም በይው» አሉኝ። እኔም የሚፈልጉትን ካላደረግክላቸው አይቀመጡም አልኩት። እንዲሄዱ ለመናቸው፣ ቆሙ። ጮኸባቸው፣ ይበልጥ አንገታቸውን ደፉ። በእኛ ዘንድ ከዚህ በላይ አክብሮት የለም፤ እሱ ግን በሩን ቆልፎ ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሱ ሲመጣ አባቴ ከሱቁ ሮጦ ደርሶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆሟል። የሚያልፉ መኪኖች ቀስ እያሉ ያዩናል፤ ከአንደኛው መስኮት የክፍሌ ልጅ አፍጥጣብኛለች። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለኝ።

«ኖ» አልኩት።

የአባቴ እንግሊዝኛ ደካማ ነው፤ ያቺን ቃል ግን አሳምሮ ያውቃታል። ዞሮ አየኝ። ፖሊሱ የሁሉንም ስም መዝግቦ ሸኛቸው፤ ጋሽ ታደሰ መኪና ውስጥ ሲገቡ ጋቢያቸው በር ላይ ተይዞባቸው አባቴ አላቀቀላቸው።

ወሩ አለቀ። ደብዳቤውን ልጽፈው እችል ነበር፤ አባቴ ጻፊልኝ አላለኝም፣ እኔም ልጻፍልህ ለማለት አፈርኩ። ድልድዩ ተዘጋ፣ የመንገዷ ቁጥር ከነብረቱ ተነቀለ፣ ሱቃችንም ደንበኛ አጥታ ተዘጋች። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ሣር አስፋልቱን ሰንጥቆ ወጥቷል፣ የሚስተር ዌይን ቤትም ተሽጧል። የፈለገውን ጸጥታ ሁለት ዓመት እንኳ አልተቀመጠበትም፤ እሰይ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

ዓመታት እሱን ስረግም የኖርኩት ሌላ የምረግመው ሰው ስላልነበረኝ አይደለም። ባለፈው ወር አባቴን ሲልቨር ስፕሪንግ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ወደ እኔ እያመለከተች፣ ልጅዎ ታስተርጉምልዎት ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ኖ» አላት፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የአስተርጓሚ ስልክ እየጠቆመ።

ድምፅ ማጉያውን ከፈቱት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ የማላውቃት ሴት የአባቴን ሕመም በእንግሊዝኛ ስትናገር ሰማሁ።