የማንጠግቦሽ ቃሬዛ

በ1958 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ዲላ ገበያ ዳር የቡና መኪና ሸራ እየሰፋች ለምትተዳደረው ለማንጠግቦሽ ለየት ያለ ሥራ መጣላት። የጨለለቅቱ ክሊኒክ ሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ ኃይለኢየሱስ፣ ሕመምተኛ ከተራራ የሚያወርዱበት ቃሬዛ እንድትሰፋለት ለመናት።

«የድሮው ተተርትሮ ሰው ጥሎብናል፣ እትዬ» አላት።

ከአቶ ሰብስቤ ሱቅ ሄደች። ነጋዴው አንጸባራቂ ነጭ ሸራ ዘረጋላት።

«ይሄን ቆርቆሮ በይው። ብታቆሚው ይቆማል።»

ማንጠግቦሽ ጫፉን በመዳፏ አሸችው። ነጭ ዱቄት ባንኮኒው ላይ ረገፈ፤ ሸራውም እንደ ሻሽ ለዘበ።

«ያቆመው የተቀባው ስታርች ነው፣ አቶ ሰብስቤ። ጥጡ አይደለም።»

ከሥር የተጫነውን ጣቃ አስወጣችው። ጠይም፣ ሻካራ፣ የጥጥ ፍሬ ስባሪ እዚህም እዚያም የታየበት ነበር። ክር መዝዛ ሳበች፤ ክሩ ሳይበጠስ ጣቷን ቆረጣት። ድሩም ማጉም ድርብ ግምድ ነው። ከዚያ ሸራውን አጎድጉዳ ይዛ ውሃ አስፈሰሰችበት። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ቀስ በቀስ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ደፈነና ጠብታው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰብስቤ አጎንብሶ ከሥር ዳሰሰው።

«ሃያ ዓመት ስሸጠው እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

እሷ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ግን ባየችው ቁጥር ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

ሦስት ቀን ፈጀባት። የስፌት መኪናው መርፌ ሁለት ጊዜ ሲሰበርባት በወስፌና ሰም በጠጣ ሲባጎ በእጇ ሰፋችው። ተሸካሚዎቹ የሚይዟቸውን ማንገቻዎች ጠርዙ ላይ ብቻ አልተከለቻቸውም፤ ከሸራው ሆድ ሥር አሻግራ ወዲያና ወዲህ አገናኘቻቸው።

ልታስረክብ በቡና መኪና ጨለለቅቱ በደረሰችበት ቀን፣ ሙሉካ የምትባል ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ማንጠግቦሽ ከደረሰች በኋላ የጣለው ዝናብ መንገዱን ስለቆረጠው መኪና የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው። ሙሉካን በአዲሱ ቃሬዛ አስተኝተው የእንሰት ቅጠል ደረቡባትና ስድስት ሰዎች ተሸክመዋት ወደ ወንዙ ወረዱ። ማንጠግቦሽም አብራ ወረደች።

ውሃው ወገብ ደርሷል። መሐሉ ላይ ሲደርሱ አንዱ የቃሬዛ እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ማንገቻውን ያዙ» አለች ማንጠግቦሽ ከኋላ።

ስድስቱ ሰዎች ማንገቻ ማንገቻውን ጨብጠው ወደ ላይ ሳቡ። ሙሉካ ከደፍራሹ ጎርፍ በስንዝር ከፍ ብላ በሸራው ብቻ ተንጠለጠለች። ማንጠግቦሽ ውሃው ውስጥ ሆና እጇን ከሥር ሰደደች። የራሰው ሸራ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ በሱ ውስጥ የሴትዮዋ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀጥሎም ሆዷ ውስጥ ያለው ሕፃን ሲራገጥ ተሰማት። በሁለት ነፍስና በወንዙ መካከል ያለው ጥጥ ብቻ ነበር።

ተሻገሩ። ሙሉካ በዚያው ዕለት ማምሻውን ዲላ ሐኪም ዘንድ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ማንጠግቦሽ በማግስቱ ቃሬዛውን ወስዳ አጠበችው። ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለችው፤ አንድም ክር አልላላም። ድሬሰሩ እንጨቱን ሊለውጥ ሲመጣ እጇን ሸራው ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኛት።

«ምነው፣ እትዬ፣ የተበላሸ ነገር አለ?»

«የለም» አለችው። «ትንፋሽ የሚያበነው ነገር እኮ ነው ጥጥ። እሱን እያሰብኩ ነው።»