አባቴ የበየዳት መርከብ

ገና ያልበረደ ብየዳ ላይ ካፊያ ሲያርፍበት የሚነሳው ሽታ ዛሬም በኢምፔሪያል በኩል ሳልፍ ድንገት ያገኘኛል፤ ያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የአባቴን ጎንበስ ያለ ጀርባ አያለሁ። አባቴ ከድር ገርጂ ውስጥ ከቤታችን አጥር ጋር በተያያዘች ጠባብ ብየዳ ቤት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ እሱ ዘንድ እሮጥ ነበር፤ እሱም «እሳቱን አትይው፣ ዓይንሽን ያምሻል» እያለ ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞረው ነበር።

ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርት ወይዘሮ አልማዝ ብየዳ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ መጫወቻ እንዲሠራላቸው ጠየቁት። «ዥዋዥዌና ሸርተቴማ የትም አለ ጋሽ ከድር፤ ይሄ ልጆቹ ሌላ አገር የሄዱ የሚመስላቸው ቦታ ይሁን» አሉት። እራት ላይ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ምን እንሥራ ሐያት?» ሲለኝ፣ ባሕር አይቼ የማላውቀው ልጅ ሳላመነታ «መርከብ» አልኩት።

ጥቅምትና ኅዳር በልኬት አለፉ። አባቴ መርከቧን በሙሉ መጠኗ በኖራ መሬት ላይ ሥሎ፣ እኔን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያስኬደ፣ ጉልበቴን እያሳጠፈ፣ እጄን ወደ ላይ እያዘረጋ የመወጣጫዎቹን ርቀት በእኔ ሰውነት ይለካ ነበር። ሆዷን ከላሜራ ሠራው፣ በጎኗ የገመድ መረብ ዘረጋ፣ ከኋላዋ ሸርተቴ አወጣላት። መሃሏ ላይ ምሰሶ አቁሞ ጫፉ ላይ በብረት የታጠረች ትንሽ ማማ አሰበ፤ ከእሱ ትከሻ ግን አታልፍም ነበር። «ከዚያ ላይማ ምንም አይታይም» አልኩት። «በቂ ነው» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩት፤ ምሳውን እንኳ ለእናቴ ትቼ እኔ አላደርስለትም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ማማዋ ሦስት መወጣጫ ያህል ከፍ ብላ ነበር።

ጥር ላይ መርከቧ ተከፈተች። ማማዋን የያዘቻት አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ምሕረት ነበረች፤ ቀጭን፣ ፍርሃት የሚባል ያልፈጠረባት ልጅ። ወደ ቦሌ ዝቅ እያሉ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ከላይ ሆና ትቆጥርልን ነበር፤ እኛም ከታች የትኛው ከየት እንደመጣ እየፈጠርን እንነግራት ነበር።

የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት በዕረፍት ሰዓት ብረቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ምሕረት ወጣች። ስትወድቅ አልጮኸችም። የሰማሁት የብረቱን መንቀጥቀጥና ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ብቻ ነው፤ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ ነበር፤ መምህራን አቅፈው ወሰዷት።

ቅዳሜ አባቴ ምሰሶውን ቆረጠው። ወይዘሮ አልማዝ ቆመው እያዩት «እንዴት ሆነ?» ሲሉት «ልኩን የሳትኩት እኔ ነኝ» አለ፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ አባቴ በየጁምዓው ከስግደት ሲመለስ ብርቱካን ይዞ ምሕረትን ይጠይቃት ነበር። «እንሂድ» ሲለኝ ሆዴን አመመኝ እለው ነበር።

ክረምት ሲገባ ምሕረት መራመድ ጀመረች፤ አንዱ እግሯ ግን አጥሮ ቀረ። በራችን ላይ ስታልፍ አንዱ ኮቴ ጠንከር ብሎ፣ ሌላው ጭቃውን እየጎተተ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ትንፋሼን ይዤ እስክታልፍ እጠብቅ ነበር። አባቴ ሥራውን አቁሞ ይነሳላትና «ምሕረትዬ፣ እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነኝ ጋሼ። ሐያት የለችም?» ትለዋለች። እሱም ወደ በሩ ያያል። በመስከረም ቤተሰቧ ሰፈር ለቀቀ። ያ ኮቴ ግን አልሄደም፤ ለዓመታት ሰው በማያልፍበት ሰዓት እሰማው ነበር።

አምና ለሚ ኩራ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ አባቴ የብየዳ እሳት ያደከመውን ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ ሲሞቅ፣ «አባዬ፣ ማማውን ከፍ አድርገው ያልኩህ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለኝ። «ሜትሩ የነበረው በእኔ እጅ ነው፤ እሱን ለእኔ ተይው።» ዓይኑን ሳይገልጥ ቀጠለ። «ግን ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ ወጥተሽ ሰላም አላልሻትም።»

አሁን የልጄ ትምህርት ቤት መጫወቻ ፕላስቲክ ነው፤ ወለሉ ለስላሳ፣ ከፍታው ከእኔ ወገብ አያልፍም፣ ወድቆ የሚጎዳ ልጅም አላየሁም። እኛ ያኔ ከፍ ብለን ሩቅ እናይ ነበር፤ እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ምናልባት ይሻላል። የልጄ ጓደኛ ታማ የቀረች ቀን፣ ልጄ ብታንገራግርም፣ እጇን ይዤ እስከ በራቸው እወስዳታለሁ። ምሕረት የት እንዳለች ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።