የሀይፋ አየር ማጣሪያ

ሀይፋ አስም የጀመራት በልጅነቷ ነው። አዲስ አበባ ሳለች ክረምት በገባ ቁጥር ትተኛ ነበር። ዴንቨር ከመጣች በኋላ ግን ደረቁ አየር ተስማምቷት በአፍ የምትስበውን መድኃኒቷን፣ ኢንሄለሯን፣ ቦርሳዋ ውስጥ ረስታው ትከርማለች። ኤርፖርት ውስጥ ሱቅ ትሠራለች፤ ባሏ ረሻድም እዚያው በመኪናው መንገደኛ ያመላልሳል። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ቤት የገዙትም ለሥራቸው ስለሚቀርብ ነው።

አንድ ዓመት በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ ተራራው ላይ ያለው ደን ተቃጥሎ ጭሱ ከተማውን ሸፈነው። ፀሐይ ቀልታ ወጥታ ቀልታ ትጠልቃለች። መስኮት ቢዘጋም ሽታው በየስንጥቁ ይገባል። የአየር ማጣሪያ ማሽን ለመግዛት ብዙ ሱቅ ዞሩ፤ ከየመደርደሪያው አልቋል።

መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አውጆ ሳንባቸው ለታመመ ሰዎች አየር ማጣሪያ በነፃ ማደል ጀመረ። ሀይፋ ይህን ሰምታ ለረሻድ ብትነግረው አልወደደውም። ሁለቱም ለአሜሪካ ዜግነት የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ እየጠበቁ ነበር። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ደግሞ የመንግሥት እርዳታ የነካ ሰው ጉዳዩ ይበላሽበታል ይባባላሉ። ቀጠሮው እስኪያልፍ እንታገሥ አላት። ክርክር አትወድምና እሺ አለችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ እያስተናገደች ሳለ ትንፋሽ አጠራት። ኢንሄለሩን ሳበች፤ አልረዳትም። የሥራ ባልደረባዋ አጸደ ደግፋ አስቀመጠቻትና አምቡላንስ ጠራችላት። ረሻድ ሆስፒታል ሲደርስ ኦክስጅን ተደርጎላት አገኛት። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ከቤታችሁ ቢያንስ የአንዱ ክፍል አየር ንጹሕ ይሁን ብሎ አጥብቆ ነገራቸው።

መኪና ውስጥ ረሻድ የሾፌሮቹን ወሬ እንደገና ሲያነሳ አቋረጠችው።

«ዜግነት የሚሰጠው በሕይወት ላለ ሰው ነው፣ ረሻድ።»

ረሻድ ትንሽ እንደነዳ መሪውን እርዳታው ወደሚታደልበት ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ አውሮራ አዞረ።

እዚያ የምትሠራው ሴት በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኘቻቸው። ረሻድ የፈራውን ሳይደብቅ ጠየቀ። ለአደጋ የሚሰጥ እርዳታ ከዜግነት ጋር እንደማይያያዝ ተነገረው። አላመነምና ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀ፤ መልሱ ያው ሆነ። ማጣሪያው ያለበትን ሣጥን ራሱ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባው።

ማሽኑን መኝታ ቤት አስቀምጠው ልጃቸውን ሰሊማንም እዚያው ከእነሱ ጋር አስተኟት። ሀይፋ ሥራ የተመለሰችው ጭሱ ከሳሳ በኋላ ነው። የበረዶው ወራት ሲገባ ሁለቱም ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀርበው አለፉ፤ እርዳታውን ያነሳባቸው አልነበረም። ረሻድ ይህንን ለሾፌሮቹ ነገራቸው። አንዳንዱ አመነው፤ ሌላው ዕድለኛ ሆነህ ነው አለው።

ሀይፋ ባሏን አልተቀየመችም፤ ሰው የሚፈራው የሚሳሳለትን ነገር እንዳያጣ ብሎ ነው ትላለች። የሚቆጫት የራሷ እሺታ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረቷ ትንሽ ከከበዳት ማንንም ሳታማክር ወደ ሐኪም ትሄዳለች፤ ለረሻድ ደውላ የምትነግረው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው።