ሁለተኛው መቋሚያ

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው፤ በቀብራቸው ዕለት ያየሁት ግን አሁንም ያንገሸግሸኛል።

ማይ ጭሆት ሰፈር ካለው ቤታቸው ለቅዳሴ ሲወጡ ሁልጊዜ ሁለት መቋሚያ ይይዙ ነበር። አንዱን ራሳቸው ይደገፉታል፤ ሌላውን እግራቸውን ለሚያማቸው አንድ ደሃ ሽማግሌ ይሰጧቸዋል። ጉልበታቸው ሲደክም አይቼ፣ «አጎቴ፣ ለምን ቤትዎ ሆነው አይጸልዩም?» አልኳቸው።

«ኣይፋልን፣ አይሆንም ልጄ። ለብቻዬ መጸለይማ ቤቴም እጸልያለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው የደከመውን ልደግፍ፣ ስደክምም ልደገፍ ነው። ክርስቶስ የሰበሰበው ሰው ነው እንጂ ግንብ አይደለም።»

ልጃቸው የመንግሥት ሹም ስለሆነ፣ ለቀብሩ አለቆቹ በማኪና ተከታትለው መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አጎቴ ይቆሙበት በነበረው ዐምድ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ወንበር ተደረደረላቸው። ወታደሮች ሽማግሌውን ከበር መለሷቸው። ሰባኪው ስለ ሟቹ አንድ ሁለት ቃል ብሎ፣ የቀረውን ጊዜ ጃንሆይንና ሹማምንቱን ሲያወድስበት ቆየ። የአጎቴ ልጅ፣ የአባቱ አስከሬን ከፊቱ ተቀምጦ፣ ፈገግ እያለ ለአለቆቹ እጅ ይነሳል።

ዛሬ ሁለቱን መቋሚያዎቻቸውን ይዤ ለአርባቸው ቤተ ክርስቲያን ስገባ ወንበሮቹ እዚያው ናቸው። ሹማምንቱ ስላልመጡ ባዶ ናቸው፤ የሚነካቸው ግን የለም። ሽማግሌው ውጭ፣ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

ሁለቱንም መቋሚያዎች ይዤ ወጣሁና አንዱን ሰጠኋቸው።

«ጸሎቱ አለቀ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«የአጎቴ ጸሎት ገና አሁን መጀመሩ ነው፣ አባባ» አልኩና አጠገባቸው ቆምኩ።